አባታችን የተከለው «እሬት» ኦርኪድ ሆኖ ተገኘ፤ ለሦስት እንዴት ይከፈላል?

የሸሚኖ ልጅ (ድሬዳዋ)
የካቲት 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ሳነብ ኖሬ መጻፌ ዛሬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባታችን ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፣ ሐዲድ ጥገና። መስመር ወጥቶ ሲመለስ ባዶ እጁን አይገባም። አንዳንዴ የኤረር ብርቱካን፣ አንዳንዴ ሐብሐብ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ግን በጆንያ የተጠቀለለ ተክል ይዞ መጣ። ከኤረር ወዲያ ከሐዲዱ ዳር ነው የነቀልኩት አለ። 1972 ወይም 73 ይሆናል፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ። እሬት ነው፣ ለቁስል ይሆናል ብሎ ነው ያመጣው። እናቴ «አሁን ደግሞ እሬት ልታበላን ነው?» አለችው። እሱ ግን ግማሽ በርሜል አበጅቶ ከግቢው ጥግ ተከለው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

ቅጠሉ ወፍራምና ደረቅ ነው። ጠርዙ ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉበት እንደ ደቃቅ መጋዝ ይቧጭራል። ሲቆረጥ ግን እንደ እሬት ፈሳሽ አያንጠባጥብም። ከታች በኩል አረንጓዴ፣ ቆመው ያበጡ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ረዘም ያለ ቀይ ሽንኩርት አስቡ። በየዓመቱ ከጎኑ ዱላ የመሰለ ዘንግ ያወጣል። እናቴ ደግሞ የልብስ ገመዴን ነካብኝ እያለች ዘንጉን በቢላ ትቆርጠዋለች። አርባ ዓመት እንዲህ ሆነ።

እናቴ አምና ዐረፈች። ነሐሴ ላይ ዘንጉን የሚቆርጥ ሰው ጠፋ። ከቁመቴ በላይ ሄደና አበባ አወጣ። ቡናማ አረንጓዴ ቅጠሎቹ ጫፋቸው እንደ በግ ቀንድ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል፤ መሐሉ ነጭ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ ላይ ሐምራዊ መስመር። የእህቴ ልጅ በስልኩ አነሳውና «አክስቴ፣ ኦርኪድ ነው እኮ!» አለኝ። ስሙ ዩሎፊያ ፔተርሲ ነው አለ። እኔ ኦርኪድ ሲባል የማውቀው አዲስ አበባ ስጦታ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ነው።

አሁን ችግሩ። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ እኔ ሳቢያን ኮንዶሚኒየም እገባለሁ፣ እህቴ ሐረር ናት፣ ወንድሜ ጅቡቲ። በቤቱ ያልተጣላን ሰዎች በተክሉ ልንጣላ ደርሰናል። ሁሉም ድርሻውን ይፈልጋል።

አምና ሐምሌ ላይ ለሙከራ ሁለት ሽንኩርት (እንዲህ ልበለው) ለየብቻ ቆርጬ ተከልኩ። ጥቁር ኮምፖስት በጆንያ ገዛሁላቸው። ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። አንዱ በሦስተኛው ሳምንት እንደ በሰበሰ ድንች ሸተተ፤ ስነካው ጣቴ ገባ። ሌላው አልሞተም፣ ግን ምንም አያደርግም። ሰባት ወር ዝም።

አበባው አንድ ፍሬ ይዞ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ተሰነጠቀ። ውስጡ ሱረት ነው በቃ፣ ብናኝ። ግማሹን ያንኑ ኮምፖስት በሞላሁት የችግኝ ሳጥን ዘርቼ አፈር አለበስኩት። ሁለት ወር ሆነው፣ አረም እንኳን አልበቀለበትም።

እንዴት ይከፈላል? በዘሩስ ይሆናል? የድሬ ውሃስ ይጎዳዋል? የኛን ቧንቧ ውሃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ነው የሚጋግረው።


ገንደ ቆሬ ነኝ
የካቲት 9

ወንድሜ፣ አትጨነቅ አቦ። አንድ ማንኪያ ዩሪያ በባልዲ ውሃ በጥብጠህ ልቀቅበት። የቡና አተላም ጥሩ ነው። የኔ ጽጌረዳ በሱ ነው ያበደው።


የሸሚኖ ልጅ
የካቲት 9

ሴት ነኝ። ለሐሳቡ አመሰግናለሁ። የቡና አተላውን ግን ለሞተው ሰጥቼው ነበር።


ሸዋ በር (ሐረር)
የካቲት 10

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የልብስ ገመዱ ጋ ስትደርስ «ይኸው፣ እኔም ትክክል ነበርኩ» አለችኝ። እኛም ቤት አለ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሃያ ዓመት ይሆነዋል። እኔም ገድያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከገደልኳቸው የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ፣ ያ ሽንኩርት ያልሽው ግንድ ነው። ውሃና ምግብ ያጠራቀመ ግንድ። ተክሉ በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አዲስ ግንድ ከአምናው ግንድ እግር ሥር ይወጣል፣ የአምናው ስንቅ ያቀብለዋል። ሁሉም ከታች አጭርና ጠንካራ በሆነ አግዳሚ ግንድ ተያይዘዋል። አንዱን ብቻ ስትቆርጪ ልጁን ያለ እናት ላክሽው ማለት ነው። ሦስት ሦስት አድርገሽ ቁረጪ። ቢቻል አራት። ከመካከላቸው አንዱ የዘንድሮ ወይም የአምና መሆን አለበት፤ ከእግሩ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ዓይን (አዲስ ግንድ የሚወጣባት እምቡጥ) ይዞ ታገኚዋለሽ። ዓይን የሌለው የአሮጌዎች ቡድንም ሊነሳ ይችላል፣ ግን ቀን አትቁጠሪለት።

ሁለተኛ፣ ሐምሌ አይደለም። ሐምሌ ላይ ሥሩ በሥራ ላይ ነው፣ አፈሩም እርጥብ ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ መበስበስ ይቀድማል። የሚቆረጠው ደረቁ ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ ዓይኑ ማበጥ ሲጀምር ነው። ድሬ ላይ የበልጉ ዝናብ መጋቢት ገባ ሲል ይነሳል፤ ስለዚህ አሁን ነው ጊዜሽ። የኔ ሐረር ብርድ ስላለው ትንሽ ይዘገያል።

ሦስተኛ፣ ቢላውን አልኮል ጥረጊው፣ ወይም እሳት አሳዪው፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ። ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነስንሺ። ከዚያ አትትከዪው! ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚነካው ቦታ፣ ሳምንት አስቀምጪው። ቁስሉ እንደ ቡሽ እስኪደርቅ።

አፈርሽ ነው የገደለሽ። ኮምፖስት ለቲማቲም ይሁን። ለዚህ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጪ፣ ደቃቁን በወንፊት አራግፈሽ ጣዪው፤ ሌላው ሰው የሚጥለውን ጠጠሩን አንቺ ያዢው። ጭቃው እስኪለቅ እጠቢው። የብሎኬት ፑሚስ ካገኘሽ ቀላቅይ። የተፈረካከሰ ከሰል ጨምሪ። የበሰበሰ ቅጠል እፍኝ ይበቃል። ስትተክዪ እግሩን ብቻ ነው የምትሸፍኚው፣ ግንዱ ከላይ ይታይ።

ከዚያ የሚከብደው ይመጣል። አታጠጪ። አዲስ ሥር ጣት እስኪያክል ድረስ ጠብታ የለም። ግንዱ ትንሽ ይጨማደዳል፣ ይጨማደድ፤ ስንቁን እየበላ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ በትክክል አድርጌ ለሠርግ ደሴ ሄድኩ። ምራቴ አዝና ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠጣችልኝ። ስመለስ ሾርባ ሆኖ ጠበቀኝ። እንዴት ትወቀሳለች?


ገንደ ቆሬ ነኝ
የካቲት 10

ይቅርታ እህት፣ ስሙ ነው ያሳሳተኝ። ግን ለምን ትደክሚያለሽ? ከደንገጎ በታች ገደሉ ላይ እንዲህ ዓይነት ያየሁ ይመስለኛል። በባጃጅ ሄዶ አንድ ሁለት ነቅሎ መምጣት ነው፣ ለሦስታችሁም ይዳረሳል።


ሸዋ በር (ሐረር)
የካቲት 10

ተው ልጄ። እኔም በጉብዝናዬ ነቅያለሁ፣ ስለዚህ አውቃለሁ። ዱር ያለው ሥሩ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ነው የሚኖረው፤ ስትነቅለው ሥሩ እዚያው ይቀራል፣ አንተ ቅጠል ይዘህ ትሄዳለህ። ሌላ ዓይነት የመሬት ኦርኪድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። አንዳንዶቹ ከመሬት በታች ሁለት ትንንሽ ድንች አላቸው፣ የዘንድሮና የመጪው ዓመት። በጋ ላይ ከላይ ምንም አይታይም፣ ጠፉ ትላለህ። ሲያብቡ አይተህ የነቀልካቸው ቀን የመጪውን ዓመት ድንች ሳይጠነክር ቆረጥከው ማለት ነው። ዛምቢያ ውስጥ እነዚህን ድንቾች ከኦቾሎኒ ጋር ቀቅለው ቺካንዳ የሚሉት ምግብ ይሠራሉ፤ በገበያ ብዛት ከየሜዳው እያለቁ ነው።

እሷ ደግሞ የምትፈልገው ተክል አይደለም። የአባቷን ነው።


ነጭ ጋዋን
የካቲት 12

እትዬ፣ ዘሩን በተመለከተ እኔ ልመልስ። ቲሹ ካልቸር (ተክልን በጠርሙስ ውስጥ ማባዛት) ላቦራቶሪ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባብዛኛው ሙዝ። ኦርኪድ ግን የግል ልክፍቴ ነው።

ባቄላ ስትዘሪ ባቄላዋ ስንቋን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ሁለቱ ክክ ምግቧ ናቸው። ያ ሱረት የመሰለው የኦርኪድ ዘር ስንቅ የለውም። ሽፋንና ጥቂት ሴሎች ነው፤ ነፋስ እንዲወስደው የተሠራ። በአንድ ፍሬ ውስጥ ሺዎች፣ በአንዳንዱ ዝርያ ሚሊዮንም ይኖራል፤ ከዚያ ሁሉ የሚበቅለው እፍኝ አይሞላም። ለመብቀል አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ፈንገስ ዘሩ ውስጥ ገብቶ ሊመግበው ይገባል። ይህን በ1899 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ኖኤል በርናር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከዚያ በፊት አውሮፓ ያሉ አትክልተኞች ልክ እንዳንቺ ዘርተው ግራ ሲጋቡ ነው የኖሩት። በ1922 ደግሞ ሉዊስ ክኑድሰን አሜሪካ ውስጥ ስኳር ባለው አጋር በሚባል የረጋ ጄሊ ላይ፣ በንጹሕ ጠርሙስ፣ ያለ ፈንገስ አበቀለው። ስኳሩ የፈንገሱን ሥራ ሠራለት።

ስለዚህ ያንቺ የችግኝ ሳጥን ያልበቀለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በጆንያ የተገዛው ኮምፖስት ውስጥ የሱ ፈንገስ አልነበረም።

ቤት ውስጥ በጠርሙስ ልሞክር እንዳትዪ። እኔ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ በፕሬዠር ኩከር ሞክሬያለሁ። ጠርሙሱን ቀቀልኩ፣ በረኪና ረጨሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ዘራሁ። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ጠርሙስ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። ስኳሩን ሻጋታውም ይወደዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቢሳካ እንኳን ከጠርሙስ ወጥቶ እስኪያብብ ዓመታት ነው።

የቀረሽን ግማሽ ብናኝ ግን አትጣዪ። በርሜሉ ውስጥ ከእናቱ እግር ሥር በትኚው፣ ከላይ ብቻ፣ አትሸፍኚው። የሱ ፈንገስ የትም ካለ እዚያ ነው ያለው። ዝናብ ሲጀምር። ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ደረቅ ሩዝ ባለበት ብልቃጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ።

በሚመጣው ዓመት ብዙ ፍሬ ከፈለግሽ ንብ አትጠብቂ። አበባው መሐል፣ ከነጩ ከንፈር በላይ፣ አጭር ዓምድ አለ። ጫፉ ላይ ቆብ የመሰለች ክዳን አለች። በጥርስ መጎርጎሪያ ከሥር ወደ ላይ ስትነኪያት ትወድቅና ሁለት ቢጫ ኳሶች መጎርጎሪያው ላይ ይጣበቃሉ። እነሱን ወስደሽ ሌላ አበባ ላይ፣ ከዓምዱ ሥር ያለችው የምትጣበቅ ጉድጓድ ውስጥ አስገቢ። መነጽርሽን አድርጊ፣ እጅሽም አይንቀጥቀጥ። ከያዘ አበባው በቀናት ይጠወልግና ጀርባው ያብጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከዘር የሚመጣው የሱ ልጅ ነው። ከበርሜሉ ተቆርጦ የሚተከለው ግን ራሱ ነው፤ ያው አባትሽ በጆንያ ያመጡት። ወንድምና እህትሽ የጠየቁት ይኼኛውን ይመስለኛል።

ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ደግሞ ቀስ። የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ነው። ሻንጣ ውስጥ ጠቅልሎ ድንበር ማለፍ የለም፤ የፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል።

ዩሪያውን እርሺው።


የሸሚኖ ልጅ
የካቲት 12

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሸዋ በር፣ ጋሼ ልበልዎት መሰለኝ። የውሃው ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ያ ዝም ያለው ሽንኩርትስ ይጣል?


ሸዋ በር (ሐረር)
የካቲት 13

ጋሼ በይኝ፣ ሰባ አልፌያለሁ።

የሚጣል ነገር የለም። በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ጠንካራ ከሆነ አለ። ከኮምፖስቱ አውጪው፣ ደረቅ ጠጠር ላይ አስቀምጪው፣ እርሺው።

ውሃውን አትፍሪ። ድሬ ዙሪያውን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለበት ያለ ምክንያት መሰለሽ? ይህ ተክል ከዐረብ ምድር እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ ላይ የሚኖር ነው፣ ቅንጡ አይደለም። ግን ዕቃው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር ካየሽ ዝናብ ሲዘንብ አውጪና በደንብ ይታጠብ። ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ብታጠራቅሚ ደግሞ ይመረጣል።

ፀሐዩ ግን ይታሰብበት። ጥግ ላይ ጥላ የለመደውን ሳቢያን በረንዳ ላይ በአንድ ቀን ካወጣሽው ቅጠሉ ይቃጠላል፣ የተቃጠለው አይመለስም። በሳምንት በሳምንት አስጠጊው።


የሸሚኖ ልጅ
መጋቢት 2

ተቆረጠ። ልንገራችሁ።

በርሜሉ ዝጎ ከሥሩ ጋር አንድ ሆኗል። ብንጎትት፣ ብንደበድብ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ጎረቤት ያለ ብረት ሠራተኛ በግራይንደር ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀልን። የእህቴ ልጅ ቅጠሉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ከእሳቱ ብልጭታ ይከላከላል፣ እኔ እጮሃለሁ።

ቆርቆሮው እንደ መጽሐፍ ሲከፈት ሥሩ ታየ። ነጭ፣ እንደ መኮሮኒ የወፈረ፣ የበርሜሉን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ከላይ አፈር ያለው አንድ ስንዝር ብቻ ነው፣ እሱም አሸዋ ነው። ከዚያ በታች እስከ መጨረሻው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የሐዲድ ጠጠር። ያ ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ጥቁር ድንጋይ፣ ጠርዙ የሾለው። ግማሽ በርሜል ሙሉ። ከመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፤ በምሳ ዕቃው ሊሆን ይችላል። መሐሉ ላይ አንድ የሐዲድ ብሎን ወጣ፣ እህቴ ወሰደችው።

አሁን ሳስበው አባቴ ይህን ተክል ሲያጠጣ አይቼው አላውቅም። ከመስከረም ወዲያ የሚያጠጣው አልነበረም። እናቴም ገመዷን እንጂ እሱን አታይም። እኔ ነኝ በኮምፖስት የመጣሁበት።

አሥራ አራት ግንድ ቆጠርን። ሁለቱ ባዶ ቅርፊት ነበሩ፣ ጣልናቸው። አራት አራት አድርገን ከፈልን። ማን የትኛውን ይውሰድ የሚለው ላይ ትንሽ ድምፅ ከፍ ብሏል፣ ዓይን ያለው ሁለቱ ላይ ብቻ ነበራ። ዕጣ ጣልን። ዓይን የሌለው ለኔ ወጣ።

ቀረፋው አለቀ፣ ቤቱ የክርስትና ዳቦ የሚጋገርበት መሰለ። ሦስቱም አሁን ኮሪደር ላይ ጋዜጣ ላይ ተኝተዋል።


ነጭ ጋዋን
መጋቢት 3

ጠጠሩን እንዳትጥዪው! ሥሩ ያረፈበትን ድንጋይ ለሦስቱም ዕቃ አካፍዪ። ፈንገሱ እዚያ ላይ ነው።


የሸሚኖ ልጅ
ሐምሌ 19

ጠፋሁ፣ ዕቃ ማጓጓዝ ላይ ነበርኩ። ጠጠሩም አብሮ ተጓጉዟል፤ ሹፌሩ «ድንጋይ ነው የምታስጭኚኝ?» ብሎ ተጨማሪ መቶ ብር ወሰደ።

ሐረር ያለው ከሁሉም ቀደመ። ግንቦት ላይ ቡቃያ አወጣ፣ አሁን ቅጠሉ ክንድ ያህላል። እህቴ ፎቶ በየሳምንቱ ትልክልኛለች፣ ሳልጠይቃት። ብሎኑንም ዕቃው ላይ ሰክታዋለች።

የወንድሜ ድርሻ የፈቃዱን ወረቀት ሲሰማ እኔ ጋ ቀረ። ኪራይ ክፈል ብዬዋለሁ። ያበጠው ዓይን ሁለት ሥር አውጥቷል፤ ሥሩ ጫፉ አረንጓዴ፣ ወደ ጠጠሩ እየገባ ነው። ገና አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጠጣሁት። እጄን ይዤ ነው የምቆመው ብላችሁ እመኑኝ።

የኔው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ከአንዱ እግር ሥር፣ ምስር የምታክል ነገር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ያ የአምናው ብቸኛ ሽንኩርት አሁንም ዝም ብሏል። በየቀኑ ጠዋት በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ጠንካራ ነው።

የበተንኩት ዘር እስካሁን ምንም የለም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። በረንዳው ላይ ማታ ማታ ቀንድ አውጣ ይመጣል። የወንድሜን አዲስ ሥር ጫፉን በልቶብኛል። ጨው ልነስንስ ብዬ ነበር፣ ለሥሩ ፈራሁ። ምን ታደርጋላችሁ?


ሸዋ በር (ሐረር)
ሐምሌ 19

ጨው በፍጹም። ማታ ባትሪ ይዘሽ ውጪና በእጅሽ ልቀሚ። ግማሽ የብርቱካን ልጣጭ ደፍተሽ ካደርሽም ጠዋት ከልጣጩ በታች ተሰብስበው ታገኚያቸዋለሽ። የተበላው ሥር ከጎኑ ሊያወጣ ይችላል፣ ግን ለወንድምሽ ገና አትንገሪው።